ሳይርበኝ የበላሁበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ወደ ማርቆስ ስመለስ አውቶብሱ ሉማሜ ላይ ቆመ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ከፌስታል ዳቦ አውጥታ ልትቆርስ ስትል መጀመሪያ ከቦርሳዋ ትንሽ ጠርሙስ መዘዘች፣ እጇን በአልኮል አሸችና «ላንቺም ላድርግልሽ?» አለችኝ። መዳፌን ዘረጋሁ። ሽታው አፍንጫዬ ገና ሲደርስ ሆዴ ጥግብ አለ። እውነቴን ነው፣ ቁርስ እንኳ ሳልቀምስ ነበር የወጣሁት። ሌላው ሰው አልኮል ሲሸተው ሐኪም ቤት ትዝ ይለዋል፣ እኔ ትዝ የሚለኝ በሶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሮና ገባ ተብሎ ትምህርት ቤት በተዘጋበት በዚያ መጋቢት አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ማርቆስ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ ነው። አባየ እህል ነጋዴ ነው፣ እማየ የቤት እመቤት። በሕይወት ያለሁት ልጃቸው እኔ ብቻ ነኝ። ከእኔ በፊት አንድ ወንድም ነበረኝ። ዓመት ካለፈው በኋላ ምግብ እንቢ ብሎ፣ እየከሳ እየከሳ ሄዶ ሞተ። እኔ አላየሁትም። ግን ቤታችን ውስጥ «ከሳ» የሚባለው ቃል እንደ መርዶ የሚፈራው በእሱ ምክንያት እንደሆነ አውቅ ነበር። እማየ ስለ ከሳ ሰው ስታወራ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። እኔን ደግሞ አፌ ሳያላምጥ ካየችኝ ያመመኝ ይመስላታል።

ስለዚህ ድሮም ወፍራም ነበርኩ። የክፍሌ ልጆች «ድፎ» ነበር የሚሉኝ። አልዋሽም፣ አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር። ቢሆንም ትምህርት ቤቴ ከዳገቱ ማዶ ነው፣ ጠዋት ሽቅብ ከሰዓት ቁልቁል እመላለሳለሁ፣ በእረፍት ሰዓት ገመድ እዘላለሁ፣ ሰኞ ማክሰኞ እጫወታለሁ። ድፎም ብሆን የሚንቀሳቀስ ድፎ ነበርኩ።

ትምህርት ቤት የተዘጋ ዕለት እማየ የግቢውን በር በጓጉንቸር ቆለፈችና ቁልፉን መቀነቷ ላይ አሰረችው። ከአጥር ማዶ ያሉት ጎረቤታችን እትየ ዝማም በሽታው የሚገባው ባዶ ሆድ ውስጥ ነው ብለው ነግረዋታል። እትየ ዝማምን ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ችግሩ ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር፣ እኔም እስከ ስድስት ሰዓት መጾም ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። እማየ ለነፍስ አባታችን ለመምሬ ጥበቡ ስልክ ደወለች።

«መምሬ፣ ልጅቷን በባዶ ሆዷ ላውላት?»

የመምሬ ስልክ ሁልጊዜ ይጮሃል፣ ስለዚህ መልሳቸውን እኔም ሰማሁ። «ልጅ ናት፣ ጊዜውም ክፉ ነው። ጠዋት ጠዋት ትቅመስ» አሉ።

ትቅመስ። እሷን አንዲት ቃል ይዛ እማየ ቤቱን ጓዳ አደረገችው። በር ላይ የአልኮል ጠርሙስ ሰቀለች። ከእንቅልፌ ስነሣ እጄ ላይ ጭርቅ ታደርግልኝና በሶ በስኳር ትሰጠኛለች። ረፋድ ላይ ጭርቅ፣ ሻይ በድፎ ዳቦ። ከምሳ በፊት ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በማር፣ «ሳንባሽን ይጠርግልሻል»። ከምሳ በኋላ ተልባ። ጭርቅ ባለ ቁጥር አፌ በራሱ ይከፈት ጀመር። ቀሪውን ቀን ቴሌቪዥን ፊት ተጋድሜ ነበር የምውለው፣ ትምህርት በቴሌቪዥን ይተላለፋል ተብሎ። መምህሩ ስለ ክፍልፋይ ሲያስረዳ እኔ ቆሎ እየቆረጠምኩ አንቀላፋለሁ። መብራት ሲጠፋ የአባየን ስልክ እወስዳለሁ። ድሮ በአንድ ሰዓት እነሣ የነበርኩት ልጅ አራት ሰዓት ላይ መነሣት ጀመርኩ። ርሃብ ምን እንደሚመስል ረሳሁት።

ፋሲካ መጣና ባሰ። ሃምሳው ቀን ጾም የለ፣ ስግደት የለ፣ ቅቤው፣ እንቁላሉ፣ አነባበሮው። አንድ ቀን እትየ ዝማም በአጥር አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ውይ፣ ማስተዋል እንዴት አምሮብሻል፣ ሙሽራ መሰልሽ» አሉኝ። እማየ በደስታ ፊቷ በራ፣ ወዲያው ደግሞ ዓይን እንዳይበላኝ ፈርታ እትፍ እትፍ አለችብኝ። በዚያው ሰሞን ትምህርት ሊከፈት ነው የሚል ወሬ ተናፍሶ ዩኒፎርሜን ለበስኩት። ዚፑ ግማሽ ጀርባዬ ላይ ቆመ። እማየ አልደነገጠችም፣ «አድገሻል» ብላ ለልብስ ሰፊ ላከችው። በሁለቱም ጎን ሌላ ዓይነት ሰማያዊ ጨርቅ ተቀጥሎበት መጣ፣ ወሬው ግን ውሸት ነበር።

አንድ ነገር ግን ለማንም አልተናገርኩም። ሽንት ቤታችን ግቢው ጫፍ ላይ ነው፣ ዘጠኝ የድንጋይ ደረጃ ይወጣል። በግንቦት አምስተኛው ደረጃ ላይ ስደርስ ትንፋሼ ያልቅ ጀመር። ቆሜ ዶሮዎቹን የማይ እመስላለሁ። እማየ በመስኮት ካየችኝ «ያቺ ቀይዋ ታንካሳለች» እላለሁ። ዶሮዋ ምንም አልሆነችም። ደረቴ ውስጥ እንደ ወናፍ የሚነፋ ነገር ነበረ፣ ኮሮና ይሆን እያልኩ እፈራለሁ፣ ብናገር ደግሞ በቴሌቪዥን የማያቸው ነጭ የለበሱት ሰዎች ይወስዱኛል ብዬ እፈራለሁ።

ሰኔ ሲገባ መምሬ ጥበቡ ጸበል ሊረጩ መጡ። ቤተ ክርስቲያን እንደ ድሮው መሰብሰብ ስላልነበረ ቤት ለቤት እየዞሩ ነበር። በነጭ ነጠላቸው ላይ ማስክ አድርገው፣ ጭራቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ንስሐ ለመግባት እኔም ተጠራሁ፣ ግን ሁለት እርምጃ ርቄ መቀመጥ አለብኝ። መምሬ ደግሞ ጆሯቸው ከብዷል።

«እሺ ልጄ፣ ምን አጠፋሽ?»

«ሳይርበኝ እበላለሁ» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ምን አልሽ?»

«ሳይርበኝ እበላለሁ።»

«አልሰማሁሽም፣ ከፍ አድርጊው።»

«ሳይርበኝ እበላለሁ» ብዬ ጮህኩ። ከአጥር ማዶ የእትየ ዝማም ሙቀጫ ቀጥ አለ። ውርደቴን ተዉት። አንዴ ከተዋረድኩ አይቀር ብዬ ቀሪውንም ተናገርኩት። «ጠግቤያለሁ ማለት እፈራለሁ። ጠገብኩ ካልኩ እማየ ታለቅሳለች። ደረጃ መውጣትም አቅቶኛል።»

ወንድሜ ሲሞት ፍትሐት ያደረሱለት መምሬ ነበሩ። ጭራቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩና «ትቅመስ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ከዚያ ቀና ብለው «ቀኖና እሰጥሻለሁ። ስንት ስግደት ትችያለሽ?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«ሦስት ሞክሪ እስቲ።»

አንደኛውን ሰገድኩ። ሁለተኛውን ሰገድኩ። በሦስተኛው ግንባሬ መሬት ነክቶ መነሣት አቃተኝና እንደ ተደፋሁ ቀረሁ። መምሬ ግቢው ውስጥ ወዳለው የዋንዛ ዛፍ ዞረው ወፍ የሚያዩ መሰሉ፣ ደረጃው ላይ እኔ ዶሮ እንደማየው። በጉልበቴ ዳክሬ ስነሣ «በቃ፣ ጠዋት ጠዋት፣ እህል ሳትቀምሺ፣ ሦስት» አሉኝ። «ከቻልሽ ትጨምሪያለሽ። ቅዳሜና እሁድ አይሰገድም። ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ እኔም ከቤቴ ሆኜ ያንቺን ያህል እሰግዳለሁ። ስንት እንደደረስሽ ላኪብኝ፣ ግን እዘኝልኝ፣ ጉልበቴ ያረጀ ነው።» ሲወጡ እማየን ጠርተው «ቀኖናዋን እንዳታስፈቻት፣ ሳትሰግድ እንዳታቀምሻት» አሏት። ለምን ብላ መጠየቅ አትችልም። የንስሐ ነገር አይጠየቅም።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነበር። እግዚአብሔር የበላሁትን ዳቦ ሁሉ ቆጥሯል፣ በእያንዳንዱ ዳቦ አንድ ስግደት አለብኝ። በዚህ ሒሳብ እስከማገባ ድረስ እሰግዳለሁ። በረንዳው ላይ ጆንያ አንጥፌ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሰሞን ዳተኛ ነበርኩ፣ በየቀኑ ካላንደር እያየሁ «ዛሬ ገብርኤል ነው»፣ «ዛሬ አቦ ነው» እያልኩ ለማምለጥ እሞክራለሁ። እማየም ልቧ ስለማይችል «እውነቷን ነው፣ ይቅርባት» ብላ ለመምሬ ትደውላለች። «እኔ የዛሬውን ሰግጃለሁ፣ የእሷን ጠይቂያት» ይላሉ። አንድ ሽማግሌ በእኔ ጦስ ጉልበቱ እየተንቋቋ ሲሰግድ ይታየኛል፣ አፍሬ ወደ ጆንያዬ እመለሳለሁ። ሦስቱ አምስት ሆነ፣ አምስቱ ሰባት ሆነ። ከስግደት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዴ ሲጮህ ሰማሁት። ደንግጬ ቆምኩ። ለካ ርሃብ ነው።

ታዲያ የእማየ ፍርሃት አልቀረም። ስሰግድ በሩ ጀርባ ቆማ ትንፋሼን ታዳምጣለች፣ ስጨርስ መጥታ ጆሮዋን ጀርባዬ ላይ ትለጥፋለች። «እንደዚህ የሚያስለከልክሽ ምንድን ነው?» ትላለች። የሰኔ ጾም እንደተፈታ፣ ሐምሌ መግቢያ ላይ በዝናቡ ብርድ መታኝና ማሳል ጀመርኩ። ሳሉና ማለክለኩ አንድ ላይ ሲሆንባት አልቻለችም፣ አባየ ሳያውቅ በቴሌቪዥን በሚነገረው ቁጥር ደወለች።

ሁለት ሰዎች ነጭ ለብሰው መጡ። አንዷ ነርስ ነበረች፣ ከማስኩ በላይ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው፣ ግን ደግ ዓይን ነበራት። ግንባሬን ለኩ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ረጅም ነገር ከተቱ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ብቻዋን ትቆይ አሉ። ጓሮ ያለችው ሰርቪስ ቤት ተሰጠችኝ። ሦስት ቀን። እትየ ዝማም አጥራቸውን በቆርቆሮ ከፍ አደረጉት። አባየ ከሱቅ ሲመለስ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ይቆምና የእህል ገበያውን ወሬ ይነግረኛል፣ ዓይኑ ግን ቀልቶ ነበር። ሙት ነኝ ብዬ አሰብኩ። የሚገርመው ስግደቴን አላቋረጥኩም፣ ዕዳዬን ይዤ መሞት አልፈለግሁም።

እማየ በቀን ስድስት ጊዜ ሳህን በመስኮት ታቀብለኛለች። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ቅቤ የተንሳፈፈበት ገንፎ ይዛ መጣች፣ የቀደመውን ከበላሁ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ለመምሬ የጮህኩት ትዝ አለኝ። እሞታለሁ ብሎ የሚያስብ ልጅ ደፋር ነው።

«እማየ» አልኳት «ጠግቤያለሁ።»

ሳህኑ ከእጇ ወደቀ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። እኔን አልነበረም የምታየው። «አትበይ፣ እንደዚያ አትበይ፣ እሱም እንደዚህ ነው ያለኝ» አለችና ነጠላዋን ሳታነሣ የግቢውን በር ከፍታ ወጣች። ወንድሜ አፍ ሳይፈታ ነው የሞተው። ግን ፊቱን አዙሮባት ነበርና ለእሷ ያው ነው። ቁልፏ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከመጋቢት ጀምሮ የግቢው በር ሳይቆለፍ ቀርቶ ሳየው ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር።

የሄደችው መምሬ ጥበቡ ቤት ነበር። ምን እንደተባባሉ የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ልጄ እህል እንቢ አለችኝ ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች። መምሬ አስነሥተው አስቀመጧትና «የሺ፣ እንቢ አላለችሽም፣ ጠገብኩ ነው ያለችሽ። የምታበይው ማንን ነው? ያለችውን ነው ወይስ የሞተውን?» አሏት። ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፣ እሳቸውም አብረው አለቀሱ።

በማግስቱ ስልኩ ጠራ። ድምፁን ከፍ አድርገው በረንዳው ላይ አስቀመጡት፣ እኔ በመስኮት ጆሮዬን አቆምኩ። ያቺ ነርስ ናት። «ነፃ ናት» አለች። «ሳሉ ጉንፋን ነው። የሚያስለከልካት ግን ክብደቷ ይመስለኛል። እቤት ተቀምጣ ብዙ ጨምራለች። ጤና ጣቢያ አምጧት፣ እንይላችሁ።» እማየ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አባየ ተመስገን፣ ተመስገን እያለ ግቢውን ዞረው። እኔም ከሰርቪስ ቤቷ ወጥቼ ዘጠኙን ደረጃ በአንዴ ልወጣ ሮጥኩ። ሰባተኛው ላይ ቆምኩ፣ ግን ዶሮ አላየሁም። በረጅሙ ተነፈስኩና ሳቄ መጣ።

አባየ በዚያው ቀን ወደ መጋዘኑ ወሰደንና ኩንታል በሚመዘንበት ሚዛን ላይ አቆመኝ። እማየ ከአጠገቤ ናት። ቀድሞ ግማሽ ኩንታል ጤፍ መዘነ፣ ከዚያ እኔን። ከጤፉ በጣም እበልጣለሁ። አባየ ቁጥሩን ጎንበስ ብሎ ሲያይ፣ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሳለው ሚዛን የያዘው መልአክ ትዝ አለኝና ማልቀስ ጀመርኩ።

«ምን ያስለቅስሻል? ሚዛን ነው እኮ» አለኝ።

«ኃጢአቴ ስንት ኪሎ ሆነ?»

አባየ ጆንያ ላይ ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። እማየ አልሳቀችም። እጄን ይዛ ከሚዛኑ አወረደችኝ። «ኃጢአትሽ አይደለም» አለች። «የእኔ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ጆንያዬን ላነጥፍ ስወጣ አጠገቡ ሌላ ጆንያ ተነጥፏል። እማየ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ቆማለች። አልጠየቅኳትም፣ የንስሐ ነገር አይጠየቅም። ሰገድን። በአራተኛው ላይ እሷም እንደ እኔ አለከለከች፣ ተያየን፣ ሁለታችንም መሬት ላይ ተደፍተን በሳቅ ፈነዳን። ከዚያ በኋላ የአልኮል ጠርሙሱ በሩ ላይ ቀረ፣ ጭርቅ ሲል ግን በሶ አልተከተለውም። በቀን ሦስቴ በላን። ዝናቡ ጋብ ሲል ማስካችንን አድርገን ከቦኖ ውኃ ልንቀዳ እንወጣለን፣ እሷ ትልቁን ጀሪካን እኔ ትንሹን። «ጠግበሻል?» ብላ መጠየቅ ለመደች። ስትጠይቅ አሁንም ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ግን ትጠይቃለች። ቴሌቪዥን እያየሁ መተኛቴን አልተውኩም፣ መዋሸት አያስፈልግም፣ ክፍልፋይ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

በፍልሰታ ከእማየ ጋር ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ ቅጥር ግቢው ውስጥ ርቀታችንን ጠብቀን ቆመን አስቀደስን። መምሬ ጥበቡ በመቋሚያ ተደግፈው አዩኝና «ስንት ደረስሽ?» አሉኝ።

«ሠላሳ።»

«ሠላሳ! አንቺ ልጅ ልትገድይኝ ነው። በቃሽ፣ ቀኖናሽ ተፈጸመ» አሉ። ጉልበታቸውን እያሹ ሲስቁ የፊት ጥርሳቸው እንደሌለ ያን ጊዜ ገና አየሁ። የዳቦውን ዕዳ ነገርኳቸው፣ ገና ብዙ ይቀረኛል አልኩ። «ማን ቆጠረብሽ?» አሉኝ በመገረም። ማንም አልቆጠረብኝም ነበር። ወደ ቤት ስንወርድ ከራሴ ላይ ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ።

ጥቅምት ላይ ትምህርት ቤት በእርግጥ ተከፈተ። ጠዋት ዩኒፎርሜን ለበስኩ፣ ያንን ጎንና ጎኑ የተቀጠለውን። ወገቤ ላይ ሰፍቶ ይወዛወዛል። እማየ አየችው። ትንፋሼን ያዝኩ፣ ያቺን «ከሳ» የምትባለውን ቃል ልትናገር ነው ብዬ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ መርፌና ክር አመጣች፣ እንደለበስኩት ተንበርክካ በግራም በቀኝም አጠበበችው፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችውና «ሂጂ፣ ይረፍድብሻል» አለች።

ወጣሁ። ዳገቱን ወጥቼ መታጠፊያው ጋ ስደርስ ማስኬን እንደረሳሁ ትዝ አለኝና ቁልቁል እየሮጥኩ ተመለስኩ። እማየ በሩ ላይ ነበረች። ማስኩን እየሰጠችኝ፣ ልማድ ሆኖባት፣ አዞረችኝና ጆሮዋን ጀርባዬ ላይ ለጠፈች። ቆየች።

«እማየ፣ ረፈደብኝ እኮ።»

አልለቀቀችኝም። አዳመጠች፣ አዳመጠችና በረጅሙ ተነፈሰች፣ በዩኒፎርሜ አልፎ ጀርባዬ እስኪሞቀኝ ድረስ። ከዚያ ትከሻዬን ገፋ አደረገችኝና ወደ ቤት ገባች። የግቢውን በር ክፍት ትታው ነበር።